የእንቁራሪቷ የፊት ጎማዎች

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6። ከቀኑ 10 ሰዓት

እንደገና ለካሁ። ያው ነው። የፊት ጎማዎቹ ከፊት በኩል ያላቸው ርቀት ከኋላ በኩል ካላቸው በ4 ሚ.ሜ. ያንሳል። ትናንትም 4 ነበር። እንዲህ ትሁን ብዬ ያሰርኳት ራሴ ነኝ። ያጠበቅኩት ዳዶ ንቅንቅ አላለም።

አለካኬ ላይ ስህተት አላየሁም። ከእያንዳንዱ ጎማ ወገብ፣ ከፊትም ከኋላም፣ በክር የተንጠለጠለ ቱምቢ አወርዳለሁ። ጫፉ የበረንዳውን ሲሚንቶ በነካበት ላይ በጠመኔ ነጥብ። ከነጥብ እስከ ነጥብ በብረት ሜትር። በረንዳው የዝናብ ውሃ እንዲወርድ ወደ ግቢው ያዘነበለ ስለሆነ ዝቅ ባለው በኩል ከጎማዎቹ ሥር ሳንቃ አስገብቻለሁ። በውሃ ልክ አይቼዋለሁ።

ታዲያ ሞተሯ ለምን ትዘላለች?

ደብተሬ፣ ሰሞኑን ቁጥር ብቻ ነው የሰጠሁህ፤ ነገሩን ላስቀምጥልህ። ኤልያስ፣ የልጄ የአስቴር ባል፣ ባጃጁን ትቶ ከዳሞታ ተራራ ሥር ባለው የባሕር ዛፍ ደን ከተቀጠረ ጥቂት ወራት ሆነው። የደኑ ባለቤት አቶ በላይ አራት የእሽቅድምድም ሞተሮች አስመጥቷል። ባለ አራት ጎማ፣ ዝቅ ያሉ፣ የፊት እግራቸውን የበረገዱ። ሶዶ "እንቁራሪት" ብሎ ሰይሟቸዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ በደኑ ውስጥ ባለችው ጠባብ መንገድ ውድድር አለ። ኤልያስ ይወዳደራል።

ባጃጅ ከፊት አንድ ጎማ ነው ያላት። አንድ ጎማ ከማን ጋር ይጣላል? ሁለት ሲሆኑ ግን መስማማት አለባቸው። ከፊት ትንሽ ከተጠጋጉ መንገድ ይይዛሉ። ከፊት ከተከፈቱ የዛፍ ሥር በነኩ ቁጥር አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ይጎትታል። ሜዳ ላይ ብዙም አይጎዳም። ግራ ቀኙ ግንድ በሆነበት መንገድ ግን እጅ ያስከፍላል።

አስከፍሏል። ዛሬ ጠዋት የኤልያስ ቀኝ እጅ በግንድና በመሪው መካከል ተላጠ። ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ጊዜ መካኒኩ በዓይኑ ገምቶ ያሰራት ነበረች። ይህን የሚለካ መሣሪያ ሶዶ ውስጥ የለም፤ አዋሳ ያለውም ለመኪና ነው። ስለዚህ አምጣት፣ እኔ እለካታለሁ አልኩ።

የዛሬው አደጋ በእኔ ልክ ነው።


ዓርብ፣ ጥቅምት 7

አስቴር ከሻንቶ መጣች። እዚያ ታስተምራለች፤ ሳምንቱን እዚያው ሰንብታ ዓርብ ትመለሳለች። ኤልያስ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ጠበቃት። የግቢው በር ቀጠቀጠኝ አላት። በራችን ቀላል ጣውላ ነው፤ ዶሮ እንኳ አይቀጠቅጥም። እኔ ዝም። ባለቤቴ ማርታም ዝም። የማርታ ዝምታ ግን ከድስት ክዳን ጋር ነው፤ ይንኳኳል።

ልጄ ሞኝ አይደለችም። ከራት በኋላ ብቻዬን እስክሆን ጠብቃ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። አባዬ፣ የዚያችን ሞተር ጎማ ያስተካከልከው አንተ ነህ? እኔ ነኝ አልኳት። "እንግዲያው ይሁን" አለች። ሄዳ ዕቃ ማጠብ ጀመረች።

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። ከሰዓት በኋላ

ደኑን በዓይኔ አየሁት። እስከ መግቢያው በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። ጉልበቴ እስካሁን ያቃስታል።

መንገዱ የፍየል እንጂ የሞተር አይደለም። ባሕር ዛፎቹ ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ሥሮቻቸው ከመሬት ወጥተው መንገዱን ያቋርጣሉ። ቁልቁለቱ ሲያልቅ፣ ከጅረቱ አጠገብ፣ ሁለት ያረጁ ጽዶች ፊት ለፊት ተያይተዋል። መንገዱ በመካከላቸው ነው የሚያልፈው፤ ያውም ታጥፎ። ሠራተኞቹ "በሩ" ይሏቸዋል። ሜትሬን አወጣሁ። የሞተሯ መሪ ሲገባ በየጎኑ አንድ ጭብጥ ይተርፋል። የእኔ ጭብጥ ማለቴ ነው። የኤልያስ ከእኔ ይበልጣል።

እኔ ስለካ አቶ በላይ ቆሞ ይስቃል። ተጫዋች ሰው ነው። "መምህር፣ ዛፎቹን ሊፈትኗቸው ነው?" አለኝ። አንዱ ይቆረጥ አልኩት። እንግዶቹ የሚመጡት ለዚህች በር እንደሆነ አስረዳኝ። ሰፊ መንገድ ለሚፈልግ የቦዲቲ አስፋልት አለለት አለ።

ከጽዱ ኋላ ቆሜ ኤልያስ ሲወርድ አየሁ። የፊት ጎማዎቹ ሥር በነኩ ቁጥር እንደ ደነበረ በቅሎ ጆሮ ይርገበገባሉ። በሩ ጋ ሲደርስ ወደ ቀኝ ዘለለች። ጎትቶ መለሳት። በጭንቅ።

ሲያየኝ እዚያው ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ዘሎ ወረደ። ሄልሜቱን አውልቆ ቆመ። በወላይትኛ "ሳሮ" ብለን ሰላምታ ተለዋወጥን። እኔ ባለሁበት ተቀምጦ አያውቅም። ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ሳስተምረውም እንዲህ ነበር፤ አማቼ ከሆነ ወዲህ ብሶበታል። ዛሬም "ቲቸር" ነው የሚለኝ። ማርታ በዚህ አክብሮቱ ትኮራለች። እኔም አልጠላውም።

ስለ ሞተሯ ሲያወራ አንዴ እሱ፣ አንዴ እሷ ይላታል። ድሮ አርመው ነበር። ዛሬ ተውኩት። እኔ ራሴ መታረም ያለብኝ ሰው ነኝ።


እሑድ፣ ጥቅምት 9

ቤ/ክ ሄድን። ስብከቱን አልሰማሁም። ሁለቱ የወንበር ረድፎች ከመድረኩ በኩል ጠበብ፣ ከበሩ በኩል ሰፋ ብለዋል። በዓይኔ ስለካቸው ማርታ በክርኗ ጎሸመችኝ።

በጸሎት ሰዓት ለኤልያስ እጆች ጸለይኩ። ልኩን አሳየኝ አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።


ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ከሀ ጀመርኩ። የጎማ ነፋስ፣ እኩል። ኩሽኔታ፣ አይላወስም። ቸርኬ፣ አልተጣመመም። መሪው መሃል ላይ ነው። ከመሪው ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱት ሁለቱ ዘንጎች፣ ግራና ቀኝ እኩል ርዝመት። ልኩ የሚስተካከለው እነሱን በማዞር ነው፤ ለዚህ ነው ቀንና ማታ የምጠረጥራቸው። ቱምቢ። ጠመኔ። 4።

ከዚያ ከበረንዳው እስከ እንሰቱ ድረስ ሲባጎ ወጠርኩ። ከኤልያስ ጋር ባዶዋን ከኋላ ገፋናት፤ መሪዋን የነካ የለም። ሲባጎውን ተከትላ ቀጥ ብላ ሄዳ እንሰቱ ሥር ቆመች። ደገምነው። ያው። ማርታ ከበሩ ላይ ሆና፣ ይህች ፍጥረት ከማውቃቸው ከአንዳንድ ሰዎች ይልቅ ቀጥተኛ ናት አለች። ማንን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ግቢ ውስጥ ጨዋ፣ ደን ውስጥ እብድ። የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ሁልጊዜ እብድ ብትሆን ምክንያቷን አገኝ ነበር።

እኔ ሲሚንቶው ላይ በጀርባዬ ስሠራ ኤልያስ አጠገቤ ይቆማል። እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ። ቲቸር፣ እኔ ልተኛ ይላል። እጅህ አብጧል፣ ተው እላለሁ። ቁልፍ ስጠይቀው በሁለት እጁ ያቀብለኛል፤ ያበጠውን በደህናው ደግፎ።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ልኩን ወደ 8 ከፍ አደረግኩ። ምክንያት አልነበረኝም። ጭንቀት ነው ያዞረው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ኤልያስ ደን ወስዶ መለሳት። ትንሽ ረጋች፣ ግን አሁንም ታመልጠኛለች አለ። ትንሽም ቢሆን መርጋቷ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልሆነም። የማውቀው ሁሉ 8 ከልክ ያለፈ ነው ይለኛል። ምክንያቱን የማላውቀው መሻሻል ከጥፋት ይልቅ ያስፈራኛል። ጥፋት ቢያንስ ራሱን አይደብቅም። ተማሪ መልሱን አግኝቶ አሠራሩን ማሳየት ካልቻለ ነጥብ አልሰጥም ነበር።

ወደ 4 ልመልሳት? 8 ላይ ልተዋት? ቁልፉን ይዤ ቆየሁ። ተውኳት።  


ዓርብ፣ ጥቅምት 14

አስቴር መጣች። የት/ቤቷ መምህራን ውድድሩን ሊያዩ ይመጣሉ። አትጨነቁ፣ አባቴ ነው የለካው ብላቸዋለች።

ራት ላይ ኤልያስ በቀኝ እጁ መብላት አቃተው። ዳጣው ቁስሉን ይለበልበዋል። አስቴር ምንም ሳትል ሥጋውን ዳጣ እያስነካች አጎረሰችው። ከዚያ በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ "የግቢው በር አሁንም ይማታል?" አለችው። ጉርሻው አነቀው። ማርታ ጀርባውን መታችው። ሳቅን፤ እኔም ጭምር። አስቴር አልሳቀችም። ውሃውን አቀበለችውና እኔን አየችኝ።

ነገ እነግረዋለሁ። ኤልያስ ውድድሩን ይተወው።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ለአቶ በላይ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። እፎይ አልኩ፤ ከዚያ እፎይ በማለቴ አፈርኩ።

ኤልያስን ግቢው ውስጥ አግኝቼ ነገርኩት። በዚህች ሞተር አትወዳደር፤ ሌላ ሰው ይፈልጉ። ቆሞ መሬት መሬት አየ። "እርስዎ ለክተዋት?" አለ በመጨረሻ። ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት እንደሆነ ተሳስቼ እንደ ነገርኩት ዓይነት ነበር አነጋገሩ። ልኩ እንዳልገባኝ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ሌላ ነገር ወጣ። እንደገና እንድለካት ይፈቅድልኝ እንደሆነ ጠየቅኩት። እኔ፣ እሱን፣ ፍቀድልኝ። ደነገጠ። ሞተሯን ማክሰኞ ሊያመጣት ተስማማን።

አስቴር አባቴ ለካው ብላ ትተኛለች። ቲቸር ለካው ብሎ ይነዳል። በሁለቱ መካከል እኔ ብቻ ነኝ የማልተኛው።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል

አገኘሁት! እኔ አይደለሁም፣ ማርታ ናት። ማርታም አይደለችም፣ የማርታ ክብደት ነው። እንዲህ ብዬ መጻፌን እንዳትሰማ።

ኤልያስ ሞተሯን አድርሶ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ ሥሯ ገብቼ ቱምቢውን አወረድኩ። ማርታ በሰፌድ ቦሎቄ ይዛ ወጣች። የበረንዳው ወንበር በመሣሪያዎቼ ተይዟል። አጉረመረመችና የሞተሯ መቀመጫ ላይ በጎን ቁጭ አለች።

ቱምቢው ከነጥቡ ላይ ሸሸ። በዓይኔ ፊት። ክሩን የነካሁት መስሎኝ እጄን አነሳሁ። አልነካሁትም። ማርታ ቦሎቄ ልታነሳ ስታዘነብል እንደገና ሸሸ።

"አትነሺ!" ብዬ ጮህኩ።

"አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ተቀመጪ ሳትለኝ ኖረህ ዛሬ አትነሺ?" አለች። መፈልፈሏን ቀጠለች።

ለካሁ። 8 የነበረው 3 ሆኗል። ተነሺ አልኳት፤ 8። ተቀመጪ፤ 3። ተነሺ። ተቀመጪ። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነው ወይ አለች። ሁለት ፍሬ ቦሎቄ ግንባሬ ላይ ወደቀ። ሆን ብላ ይመስለኛል።

እንዴት አላየሁትም? ጎማውን የያዘው ክንድና የመሪው ዘንግ ርዝመታቸው የተለያየ ሁለት ኮምፓሶች ናቸው። ሰው ሲቀመጥ ሞላው ይጨመቃል፤ ሁለቱም ቅስት ይስላሉ፤ ቅስቶቹ ግን አይገጥሙም። ዘንጉ ይገፋል፣ ጎማው ከፊት ይከፈታል። ማርታ ተቀምጣ እንዲህ ከሆነ ኤልያስስ? ግዙፍ ነው። በእኔ 4 ላይ ሲቀመጥ ጎማዎቹ ጭራሽ ወደ ውጭ ተከፍተው ነበር። 8 ላይ የረጋችውም ለዚሁ ነው። ባዶዋን ስንገፋት ቀጥ ማለቷም ለዚሁ። ሁሉም ቦታው ገባ።

አንድ ነገር ቀረ። በእነዚህ ሁሉ ቀናት ኤልያስ ተቀምጦባት አንድ ጊዜ እንኳ አለመለካቴ። ለምን? ስመጣ ይነሳላ። ደን ውስጥ ይወርዳል። ግቢ ውስጥ ይቆማል። እኔ መሬት ላይ ተኝቼ እሱ ከላይ? የማይታሰብ ነው፤ ለእሱም፣ ለካ ለእኔም። ባዶ መቀመጫ ስለካ ከረምኩ። በአክብሮት የሚነሳ ሰው ክብደቱን ይዞ ነው የሚነሳው።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ቀላል ይሆናል ብዬ ነበር።

ኤልያስ መጣ። የሁለቱን ኮምፓስ ነገር በጠመኔ ሲሚንቶው ላይ ሳልኩለት። ወዲያው ገባው፤ ድሮም ጎበዝ ነበር። በል ተቀመጥባት፣ እኔ ሥር ገብቼ ልለካ ስለው ግን ፊቱ ተለወጠ። እርስዎ መሬት ላይ፣ እኔ ከላይ? ጫማዬ እኮ ፊትዎ ላይ ሊሆን ነው አለ።

መላ አመጣ። በቆሎ የሞላ ጆንያ እንጫን አለ። ጫንን። ጆንያ መሪ አይዝም፤ ወደ ጎን ተንሸራቶ ወደቀ። ማርታ ትቀመጥ አለ። "እኔ ነኝ የምወዳደረው?" አለች። እርስዎ ይቀመጡ፣ እኔ ልለካ አለ። እኔ የእሱ ግማሽ ነኝ። መላው አለቀ።

ጫማውን አወለቀ። በካልሲ መጣ። ቀስ ብሎ እግሩን አሻግሮ ተቀመጥኩ አለኝ። እኔ ሥር ነኝ፤ ሊታየኝ የሚችለው ቱምቢው ብቻ ነው። ቱምቢው ንቅንቅ አላለም። "ኤልያስ፣ አልተቀመጥክም" አልኩ። ተቀምጫለሁ ቲቸር አለ። አንገቴን አወጣሁ። ሁለት እግሮቹን ሲሚንቶው ላይ ተክሎ፣ ከመቀመጫው በላይ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ጭኖቹ ይንቀጠቀጣሉ። ላቡ ጠብ ይላል። ለእኔ ክብር ሲል።

ደብተሬ፣ እዚያ ተኝቼ ክፍል ስገባ የነበረው ትዝ አለኝ። ሁሉም ይነሳሉ። እስክፈቅድላቸው ማንም አይቀመጥም። አማቼ ከሆነ ጀምሮ ይህ ሰው ቆሞልኝ ይኖራል፤ እኔም አይቼው አልፋለሁ። ያን ቃል ብዬው አላውቅም። ዛሬም ቢሆን "ብትቀመጥ"፣ "እባክህን ተቀመጥባት" እያልኩ እለምነው ነበር እንጂ አላልኩትም።

ከሞተሯ ሥር፣ በክፍል ድምፄ፣ "ተቀመጥ!" አልኩ።

ተቀመጠ። እሱ ራሱ ሳያውቀው። ሞላዎቹ ተጨመቁ፣ እግሮቹ ከመሬት ተነሱ፣ ቱምቢው ከነጥቡ ወጣ። ከማድ ቤት ማርታ፣ "እኔም ተቀምጫለሁ" አለች።

ልኩ፦ ባዶዋን 8 የነበረው፣ ኤልያስ ተቀምጦ ከፊት በ1 ሚ.ሜ. የተከፈተ። 4 ላይ ምን ያህል ተከፍቶ እንደነበረ ማስላት አልፈለግኩም። አሰላሁት። 5። በዚያ ነው ወደ በሩ የላክሁት።

ሁለቱን ዘንጎች እኩል እኩል እያዞርኩ፣ በየመሃሉ ወደፊት ገፋ አድርገን እየመለስን፣ እንደገና እየለካሁ፣ እሱ ተቀምጦ 3 ወደ ውስጥ እስኪሆን ሠራሁ። ባዶዋን ስትቆም 12 ነው። ባዶዋን ያየ መካኒክ ይስቅብኛል። ይሳቅ።

ያን ሁሉ ጊዜ የኤልያስ እግር ጆሮዬ አጠገብ ነበር። የካልሲው አውራ ጣት ተቀዷል። ለአስቴር አልነግርም።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ደን ወስዶ ሞከራት። ሲመለስ ሄልሜቱን አወለቀ። ዛሬ ዝም አለች ቲቸር አለኝ። ሥሮቹን ትረግጣለች እንጂ አትጣላቸውም። በሩን ቀስ ብሎ ነው ያለፈው፤ በፍጥነት አልሞከረውም።

ደስ አለኝ፤ ከምሳ እስከ ዕቃ ማጠቢያ ሰዓት ድረስ። ከዚያ ጀመረኝ። ታንኩ ሲሞላስ? ቆሞ ሲነዳስ? ዛሬ ዳመና ነው፤ ጭቃ ከሆነስ? አንድ ባዶ ነገር ይህን ያህል ቀን ከለካሁ፣ ሌላ ምን ባዶ ነገር ለክቼ ይሆን?

እንደገና ልለካ ተነሳሁ። ቱምቢው የለም። ማርታ ቦሎቄ ጆንያ ውስጥ ደብቃዋለች። ፈልገህ አታገኘውም፣ አርፈህ ቁጭ በል አለችኝ። ቁጭ አልኩ። በዚህ ቤት ቃሉ በሁሉም ላይ ይሠራል።


ዓርብ፣ ጥቅምት 21። ማምሻ

ለአስቴር ነገርኳት። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ። የባልሽን እጅ በር አልመታውም፤ የእኔ ልክ ነው የመታው አልኳት። ሁሉንም፣ በቅደም ተከተል። መቀመጫው ባዶ እንደነበር ጭምር።

እንደ ፈተና ወረቀት አየችኝ። አሁንስ? አለች። አሁን እሱ ተቀምጦ ነው የለካሁት አልኩ። "ኤልያስ? አንተ ባለህበት? ማን አስቀመጠው?" እኔ አልኩ። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ መሃል ላይ ቆመ። ዓይኗን ጠረገች።

ነገ መነሻው ጋ ከባልደረቦቿ ጋር ትሆናለች። በሩ ጋ መቆም አልችልም አለች። አንተ ቁም፣ አይተህ ንገረኝ አለችኝ።

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22። ከጠዋቱ 4 ሰዓት

በሩ ጋ ነኝ። ከጽዶቹ ትንሽ ራቅ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ደብተሬ፣ አንተ ጉልበቴ ላይ ነህ። ትናንት ማታ አልዘነበም። መሬቱ ደርቋል። ይህን እንደ መልካም ነገር መዝግብ።

አቶ በላይ ባለ ላባ ኮፍያ አድርጓል። መምህር፣ ዛፎቹ አለፉ ወይስ ወደቁ ብሎኝ ወደ መነሻው ወጣ።  

አራት ሞተሮች። አምስት ዙር። ኤልያስ ሰማያዊዋ ላይ ነው። ጠዋት ከቤት ሲወጣ እጁን ፈታሁት፤ እብጠቱ ጎድሏል፣ ጣቶቹ ይታጠፋሉ። ልሂድ ቲቸር አለኝ፤ ቆሞ። ሂድ አልኩ።

ተነሱ። ድምፁ ከላይ እየመጣ ነው።


ከዚያው፣ ትንሽ ቆይቶ

መጀመሪያ ቀይዋ አለፈች። የመሪዋ ጫፍ ጽዱን ላጠው፤ ቅርፊት በረረ። ነጂው ተሳደበ። ሁለተኛ የኤልያስ ድምፅ ነው፤ ለይቼ አውቀዋለሁ። ቁልቁለቱን ሲጀምር ሰማያዊው ብልጭ አለ። ፍሬን። ሥሮቹ። ከዚያ በፊቴ አለፈ። ንፋሱ ገጾችህን ገለጠ። የተመታ ግንድ የለም፣ የጮኸ የለም። ድምፁ ጅረቱን ተሻግሮ እየራቀ ሄደ።

ሄጄ ጽዶቹን ዳሰስኩ። በግራው ላይ የቀይዋ አዲስ ጠባሳ። በቀኙ ላይ የድሮው፣ የኤልያስ እጅ የተላጠበት። ሌላ የለም።

አልፏል ማለት ነው። ማለት ነው ያልኩት ስላላየሁ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

ይኸው ጻፍኩት። ጎማ ወገብ ላይ ሚሊሜትር ስፈልግ የከረምኩ ሰው፣ ማየት የሚያስፈልገኝ አንዲት ቅጽበት ስትመጣ ጨፈንኩ። አስቴር አይተህ ንገረኝ ነው ያለችኝ። ሰምተህ አላለችም።

ሁለተኛው ዙር። ከላይ ይሰማል። ቀይዋ ወደ ኋላ ቀርታለች መሰለኝ፤ የሚቀድመው የእሱ ድምፅ ነው።

ኤልያስ ሊያልፍ ነው፣ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ። አይሆንም። እነሳለሁ። ቆሜ፣ ዓይኔን ከፍቼ አየዋለሁ።